የሳባ ጥለት በሜሪላንድ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። እዚህም ሆነ አሌክሳንድሪያና ዋሽንግተን፣ የሐበሻ ቤት ቁም ሣጥን ቢከፈት ከሽሮ ሜዳ የመጣ ቀሚስ አይታጣም። የልጆቹማ አይነሣ፤ ለጥምቀት የተላከው ለፋሲካ ያጥራል። ሸማው ስስ ነው፣ ቶሎ ይበልዛል። ጥለቱ ግን፣ በተለይ ሳባ የሚባለው አብረቅራቂ ክር የገባበት፣ ሸማው ካለቀም በኋላ እንዳብለጨለጨ ይኖራል። አገር ቤት እናቴ እንዲህ ሲሆን ጥለቱን ፈትታ ወደ አዲስ ሸማ ታዞረው ነበር። እዚህ ግን ሸማኔው ከየት ይምጣ? ጥለቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ የሚጥለውም የሚጠቀምበትም አልነበረም።

መንገዱን ያገኘነው ከዚህ አገር ሴቶች ነው። በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው ኩዊልት የሚሰፉ አዛውንቶች አሉ። ኩዊልት ፊቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ከሥሩ ገበር ሆኖ ሦስቱ አንድ ላይ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። ተራ የቤት ዕቃ አድርጎ የሚያየው ይሳሳታል። ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደችው ሐሪየት ፓወርስ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሰፋችው የመጽሐፍ ቅዱስ ኩዊልት ዛሬ በስሚዝሶንያን ተቋም ይገኛል። አዳምና ሔዋንን፣ ጥምቀትን፣ ስቅለትን በጨርቅ ቀድዳ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ሥዕል ተራ በተራ ደርድራቸዋለች።

ከአዛውንቶቹ አንዷ «ሎግ ካቢን» የሚሉትን ንድፍ አሳዩኝ። መሃል ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ ትቀመጣለች፤ በልማድ ቀይ ናት፣ የቤቱ ምድጃ ናት ይባላል። ከዚያ ቀጫጭንና ረጃጅም ጨርቆች በየተራ እየዞሩ ይከቧታል። ወዲያው ጥለታችን ትዝ አለኝ። ጥለት ድሮውንም ቀጭንና ረጅም ነው፤ ለዚህ ንድፍ ተብሎ የተሸመነ ይመስላል። ደግሞም የጥንት ሰፊዎች ሎግ ካቢንን ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከሥር ሌላ ጨርቅ አንጥፈው፣ ቁራጩን ሁሉ በዚያ ላይ እየያዙ ነበር። ሳባም የሚፈልገው ይህንኑ ድጋፍ ነው።

ሳባ ላይ መርፌ ማሳረፍ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዛሬ በገበያ ያለው የሚያብለጨልጭ ክር በአብዛኛው ስስ ፕላስቲክ ላይ አሉሚኒየም ተለብጦ፣ በቀጭኑ ተተልትሎ የተሠራ ነው፤ ወርቃማ መልኩም ከቀለም የመጣ ነው። የጥለቱን ጀርባ ገልብጣችሁ ብታዩ ክሮቹ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ልቅ ሆነው ሲሻገሩ ታገኛላችሁ። መቀስ ሲነካው ጫፉ መፈታት ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ በመኪና ጎን ለጎን ሁለት መስመር እሰፋና በመካከላቸው እቆርጣለሁ። ስፒል የወጋው ቀዳዳ ሳይደፈን ስለሚቀር ጠርዙን በመቆንጠጫ እይዛለሁ። ስፌቱን ወደ 3 ሚሊ ሜትር አረዝመዋለሁ፤ የተጠጋጋ ስፌት ፕላስቲኩን ይበሳሳዋል። ጥጡንና ገበሩን ስይዝም በጥለቱ አናት ላይ መርፌ አላሳልፍም፤ ጨርቆቹ የተጋጠሙበትን መስመር ብቻ ተከትዬ እሰፋለሁ።

ከሁሉ የከፋው ካውያ ነው። ሦስት ነጥብ ያለበት የጥጥ ሙቀት እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሳባ ግን ከአንድ ነጥብ፣ ማለትም ከ110 ዲግሪ በላይ ሊያገኘው አይገባም። ያውም በላዩ ደረቅ ጨርቅ ተደርጎ፣ ያለ እንፋሎት። ከዚያ ካለፈ ይኮማተራል፣ መልኩ ይጠፋል፤ መመለሻም የለውም። በማሽን ታጥቦ በማድረቂያ የወጣ የሠርግ ቀሚስ ስንቱን አሳዝኖ ሱቄ መጥቷል!

የጥለት ኩዊልት የተስፋፋው በምረቃ ነው። ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ወይም ሲመረቅ ከሴት አያት፣ ከእናትና ከራሱ የሕፃንነት ልብስ የወጣ ጥለት በአንድ ኩዊልት ተሰፍቶ ይሰጠዋል። ሁሉም ሰው አልወደደውም። አንዲት እማማ «የእናቴን ጥለት ልትቆራርጪው ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ። እውነት አላቸው ብዬ አምናለሁ። ሊለበስ የሚችል ቀሚስ ለኩዊልት መቆረጥ የለበትም፤ ሰው «ፋሽን ነው» ብሎ ደህናውን ይዞ ሲመጣ እመልሰዋለሁ። የእማማን ጥለት ምንም ሳልቆርጥ በኩዊልቱ ጠርዝ ዙሪያ እንዳለ ሰፋሁት፤ ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ አጠፍኩት። በእጃቸው እየዳሰሱ አንድ በአንድ ካዩት በኋላ ለልጅ ልጃቸው ወሰዱት።

አሁን ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱ ሴቶች ራሳቸው ወደ ሐበሻ ሱቆች እየሄዱ ጥለት ይጠይቃሉ። ለብቻው የተሸመነ ጥለት ሲያገኙ ይገዙና ይዘውልኝ ይመጣሉ። ጀርባውን ገልብጠው ልቅ ክሮቹን ሲያዩ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ «ይህን ሁሉ በእጁ የሠራው ማን ነው?» ይላሉ። ስለ ሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ተራሮች ስለመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ የስፌት መኪናውን ከፍተን ወደ ሥራችን እንገባለን።