ሥራ የማይፈታ እጅ

ባምባሲ ላይ አንዱ ቃል ሁለት ቦታ ይለበሳል። ቤተሰቡ ከወሎ የመጣ ሰው «ሹራብ» ሲል እጁን ወደ ደረቱ ይሰዳል። ዐረብኛ የሚቀናው የበርታ ተወላጅ ወይም ከድንበር ማዶ ተሰድዶ የመጣው ሱዳናዊ ደግሞ ያንኑ ቃል «ሸራብ» ብሎ ሲጠራው እግሩን ነው የሚያሳያችሁ። በሱዳንና በግብፅ የመንደር ዐረብኛ «ሸራብ» ማለት ካልሲ ነውና። በኛም ቋንቋ ቢሆን ቃሉ ከእግር ጨርሶ አልተለየም ነበር። የድሮ ሰዎች ካልሲን «የእግር ሹራብ» ይሉታል። ኋላ ሹራብ ወደ ላይ ወጥቶ ደረት ላይ ቀረ፤ እግር የተወውን ባዶ ቦታ ጣልያን ይዞ መጣና «ካልሲ» ተባለ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ካልሲና ሹራብ ከሚሠሩበት ቅርጫት ውስጥ እጃችሁን ብትሰዱ ሌላም እንግዳ ቃል ታገኛላችሁ። «ኪሮሽ» ፈረንሳይኛ ነው፤ «ዳንቴል»ም ፈረንሳይኛ ነው። እንግዲህ ዐረቡ፣ ጣልያኑና ፈረንሳዩ በአንዲት ቅርጫት ውስጥ ተሰብስበዋል። ለመሆኑ የኛስ ቃል የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ቃል የሚወለደው ነገሩ ሲኖር ነው፤ የኛ እግር ደግሞ ባዶውን ኖሯል። በ1888 ዓ.ም አድዋ ላይ ድል ያደረገው ሠራዊት አብዛኛው በባዶ እግሩ የዘመተ ነበር።

የእግር ሹራብ ታሪክ ግን ከኛ ብዙም ሩቅ አይደለም። ከባምባሲ ሳይርቅ የሚወርደው ዳቡስ ዐባይ ውስጥ ይገባል፤ ዐባይም ግብፅ ይደርሳል። በዚያው በዐባይ ዳር፣ በግብፅ ክርስቲያኖች ዘመን የተሠሩ ካልሲዎች ከአሸዋ ውስጥ ተገኝተዋል። ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው ቀይ ጥንድ ዕድሜው ወደ 1,600 ዓመት ይጠጋል። የአውራ ጣቱ ቦታ ለብቻው ተከፍሎ ወጥቷል፤ የነጠላ ጫማ ማሰሪያ እንዲያልፍበት ነው። ያ ካልሲ የተሠራው በአንዲት መርፌ፣ ክሩን እያሳለፉና እየቋጠሩ ነበር። በሽቦዎች ላይ ቀለበት እየደረደሩ መሥራት የመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ከዚህኛው ዓይነት ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ እዚያው ግብፅ የተገኙ ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ካልሲዎች አሉ። ልብ በሉልኝ፣ ከጥጥ ነው የተሠሩት። ካልሲ የብርድ አገር ልብስ ነው የሚለን ሰው ይህን አልሰማም ማለት ነው።

አሠራሩን ያላየ ሰው ቀላል ሊመስለው ይችላል። ሁለት ጫፋቸው የሾለ አራት ወይም አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይያዛሉ። ስድሳ ያህል ቀለበቶች በሽቦዎቹ ላይ ይከፋፈሉና በክብ እየዞሩ ይሠራሉ፤ ስፌት የሚባል ነገር የለም። ችግሩ ተረከዝ ላይ ሲደረስ ነው። ቱቦው መታጠፍ አለበት። እዚህ ላይ ሠሪዋ ግማሹን ቀለበት ታሳርፍና በቀረው ግማሽ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች እንደ ኪስ ያለ ነገር ታወጣለች፤ ከዚያ ያረፉትን ሰብስባ እንደገና መዞር ትጀምራለች። ለአንድ ጥንድ አንድ መቶ ግራም ያህል፣ ሲተረተር አራት መቶ ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጭን ክር ያልቃል። ያን ሁሉ ቀለበት በቃል የምትቆጥር ሴት ፊደል ባትቆጥር እንኳ ሒሳብ አታውቅም የሚል ደፋር ማን ነው?

ይህን ሙያ በአውሮፓ ያናወጠው አንድ እንግሊዛዊ ነው። ዊልያም ሊ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1589 የእግር ሹራብ የሚሠራ መኪና ፈለሰፈ። ለንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት አቅርቦ የባለቤትነት ፈቃድ ቢጠይቅ ተከለከለ። በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ድሆች እንጀራቸውን ያጣሉ የሚል ስጋት ነበር። ሊ ተስፋ ቆርጦ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ እዚያም ሳያልፍለት ሞተ። መኪናው ግን አልሞተም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1811 በዚያው በኖቲንግሃም አካባቢ በመኪና ካልሲ የሚሠሩት ሠራተኞች በተራቸው «አዲሱ አሠራር ዋጋችንን ጣለው» ብለው መኪናዎቹን በመዶሻ መሰባበር ጀመሩ። ትናንት ሌላውን ያስፈራ ዛሬ ራሱ ፈሪ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው የሚገርመኝ። መኪናው አሸነፈ፤ በእጅ ካልሲ ሠርቶ መኖር ቀረ፤ የእጅ ሥራው ግን አልጠፋም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሴቶች ለወታደሮች ካልሲ በገፍ ሠሩ። በምሽግ ጭቃ ውስጥ የሚበሰብሰውን እግር የሚያድነው ደረቅ ካልሲ ነበርና። ጦርነቱም አለፈ፤ እጁ ግን ቀጠለ። ዛሬ በሠለጠነው ዓለም ገበያው በርካሽ ካልሲ ተጥለቅልቆ እያለ ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ ጡረተኛዋም ቁጭ ብለው ለአንድ ጥንድ ሳምንታት ይፈጃሉ። የሚሠሩት ብርድ አስገድዷቸው አይደለም። ሥራው ከግዴታ ነፃ ወጥቶ ፍቅር ሆነ፤ እነሱ «ሆቢ» የሚሉት ይህንን ነው።

እኛ ዘንድ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ብለን ተረጎምነው። እስቲ ቃሉን አስቡት። ጊዜ ይተርፋል፤ የተረፈው ደግሞ እንደምንም ተገፍቶ ያልፋል። የኢትዮጵያ ሴት እጅ መቼ ትርፍ ጊዜ አገኘና? ጥጡን የምትዳምጠው እሷ፣ በደጋን የምትነድፈው እሷ፣ ባዘቶ አውጥታ በእንዝርት የምትፈትለው እሷ። ቡና ተቀራርቦ ወሬ ሲጦፍ እንኳ እጇ ላይ እንዝርቱ ይሾራል፣ ወይም ኪሮሹ ይመላለሳል። አፏ ያወራል፣ እጇ ግን ሥራ አይፈታም። በበዓል ቀን ያንን ሁሉ የለበሰው አባወራ «ሥራ ፈቶች፣ ወሬ ብቻ!» ብሎ ያልፋል፤ የለበሰውን ማን እንደፈተለው ረስቶ።

ለእጅ ሥራ ያለን ንቀት የቆየ በሽታ ነው። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ» እያልን ስንሰድብ ኖረን፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ወንጀል አደረገው እንጂ ንቀቱን ከልብ አላወጣውም። የእጅ ሥራ በትምህርት ቤት ሲገባም የገባው በአንድ በር ብቻ ነበር። በ1924 ዓ.ም የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ከቀለሙ ጋር ስፌትና ጥልፍ ተማሩ፤ ቆይቶም በየከተማው የባልትናና የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የሴቶች ሆነ። ወንዱ ቢማር ምን ይጎድልበት ነበር? ሸማ ላይ ለዘመናት የተቀመጠው ወንድ አልነበረምን?

አሁን ወደ ባምባሲ እንመለስ። ኅዳር 1977 ዓ.ም በድርቁና በረሀቡ መካከል ደርግ ትልቁን የሠፈራ ዘመቻ ጀመረ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ እየተነሣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓዘ። ከፊሉ ወዶ፣ ብዙው ተገዶ። ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ የተለያዩበት ጉዞ ነበር፤ በመንገድና በሠፈራው ጣቢያ የሞተውም ቀላል አይደለም። አሶሳና ባምባሲ አካባቢ የወሎ ሰው ብዛት የመጣው በዚያ ዘመን ነው፤ መንደሮቹም ስም ሳይኖራቸው በቁጥር ተጠሩ። ደጋውን የለመደ ሰው ሙቀት፣ ወባና ከቁመቱ የሚበልጥ ሣር ተቀበለው።

ያ ሰው ምን ይዞ መጣ? በሬውን አልያዘም፤ ሞቷል ወይ ተሸጧል። ርስቱን አልያዘም። በአውሮፕላንና በአውቶብስ ታጭቆ ለሚሄድ ሰው ጓዝ የለውም። እጁን ግን ማንም አልቀማውም። ቤቱ ቆሞ፣ ጥጥ ተገኝቶ፣ እንዝርት ሲሾር፣ ያች ሴት አገሯን እንደገና ከእጇ ውስጥ ነው ያወጣችው። ለዚህ ነው የእጅ ሙያን «ማሳለፊያ» ማለት የሚከብደኝ። ሁሉ ነገር ሲወሰድ የማይወሰድ ንብረት እሱ ነው። በ2004 ዓ.ም ከሱዳን የብሉ ናይል ጦርነት የሸሹ ሰዎች የተጠለሉበት ጣቢያ ባምባሲ ላይ ሲከፈትም ታሪኩ ተደገመ። ቋንቋው ይለይ እንጂ ባዶ እጁን የመጣ ሰው እጁ ባዶ እንዳልሆነ እንደገና ታየ።

ልዩነታችን እዚህ ላይ ይመስለኛል። አውሮፓ ውስጥ የእጅ ሥራው በመጀመሪያ እንጀራ ነበር፤ መኪና ሲቀማው ወደ ፍቅር ተሸጋገረ። በኛ አገር ግን ከእንጀራነት ወደ ፍቅር ሳይሻገር መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ልባሽ ጨርቅና ከባሕር ማዶ የሚመጣ ርካሽ ካልሲ ገበያውን ያዙ፤ ሴት ልጅም «የእናቴ የኋላ ቀር ሥራ» ብላ ኪሮሹን አስቀመጠች። መኪና የሠራውን መልበስ ነውር የለውም፤ እኔም እለብሳለሁ። ነውሩ ተረከዝ እንዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቅ ሰው ከመንደሩ ሲያልቅ ማንም አለማየቱ ነው።

«ታዲያ ምን ይጎዳል?» የሚለኝ አይጠፋም። እግር ይጎዳል። ዝሆኔ የሚባለውን በሽታ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ዓይነት በወባ ትንኝ መሰሎች የሚተላለፍ ሲሆን ጋምቤላንና ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ በምዕራቡ ቆላ ይገኛል። ሌላው ግን ከአፈር ነው የሚመጣው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹና 1970ዎቹ በአገራችን ባደረጉት ጥናት፣ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ይህን በሽታ እንደሚያመጣ አሳዩ። ርግማን አይደለም፤ ዘርም ብቻ አይደለም፤ ባዶ እግር ነው። በአገሪቱ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሰው እንዳለበት ተገምቷል። መድኃኒቱ ደግሞ ያስደንቃል። ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ የሚጥለው የእግር ሕመም እንክብካቤውን ያላገኙትን በዓመት ሃያ አራት ጊዜ ገደማ ሲመላለስባቸው፣ ይህን ቀላል እንክብካቤ ባገኙት ላይ ግን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ገደማ እንደነበረ አሳይቷል። ሙጀሌም ቢሆን የሚገባው ባዶውን እግር አይቶ ነው።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። ያበጠ እግር የፋብሪካ ካልሲ ይገባዋል? አይገባውም። መኪናው የሚያውቀው ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ነው። አንዱ እግር ከሌላው እጥፍ ለሆነበት ሰው በየገበያው የሚሸጠው ካልሲ ልክ አይሆንም። ቀለበት ጨምራ፣ ቀለበት ቀንሳ፣ የዚያን ሰው እግር ለክታ የምትሠራ እጅ ግን አለች። ይህ ሐኪም ያዘዘውን አይተካም፤ ከሐኪሙ ጎን ግን ይቆማል። የጥጥ አገር ነው፣ ፈታይ አለ፣ ኪሮሽ የያዘ አለ። የጎደለው ይህን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጦ «ይህ ቁም ነገር ነው» የሚል ሰው ብቻ ነው። የጤና ጣቢያው፣ የትምህርት ቤቱ ክበብ፣ የእድሩ ሴቶች፣ ማንም ሊጀምረው ይችላል። ወንዶቹም ቢቀላቀሉ ማንም አይሰድባቸውም፤ ቢሰድባቸውም አዋጅ አለ።

«ሙያ በልብ ነው» ይላል ተረታችን። እውነት ነው። ግን ልብ ብቻውን ተረከዝ አያጥፍም፤ እጅ ያሳየውን ነው ልብ የሚይዘው። የሚያውቁት እጆች ገና አሉ። ከነሱ ሳንማር ካለፉ ግን ሹራብ ከእግራችን እንደወጣ ሁሉ ከእጃችንም ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚቀርልን የሌላ አገር ቃል ብቻ ይሆናል።