የገበሬው ትምህርት ከአለማያ እስከ ቀበሌ ማሠልጠኛ

የሀገራችን ገበሬ እርሻን ከአባቱ ሲማር ለዘመናት ኖሯል። ሙያው በትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው ግን በቅርብ ጊዜ ነው። የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረትም የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ተጠነሰሰ። ኮሌጁ የታቀደው ማስተማርን፣ ምርምርንና ዕውቀትን ለገበሬው ማድረስን አጣምሮ እንዲይዝ ነበር። የኤክስቴንሽን ሥራ የተጀመረውም በዚሁ ኮሌጅ ሲሆን በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪውና የገጠሩ ባለሙያ በየፊናቸው መሥራታቸው ያስከተለው ጉዳት ዛሬም አልጠፋም።

ሙያ ብቻውን እንደማይበቃ አርሲ ላይ ታይቷል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ሥልጠና ይዞ ገባ፤ ምርትም አደገ። ይሁን እንጂ ትርፉን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን አስለቀቁት። ሠልጥኖ መሬት ማጣት ማለት ይህ ነው! ይህ የባለመሬትና የጭሰኛ ሥርዓት የተሻረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የሀገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ፊደል የቆጠረ አባል ሚዛኑን ያነባል፣ ደረሰኙን ያመሳክራል፤ በጣት አሻራ የሚፈርም ግን ምን ላይ እንደፈረመ የሚያውቀው ሰው ሲነግረው ብቻ ነው።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ፣ በ1990ዎቹ 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተከፍተው እስከ 2000 ዓ.ም. ከ60,000 በላይ የልማት ሠራተኞችን አሠልጥነዋል። ለየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት 3 ባለሙያዎች እንዲመደቡ፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያም እንዲሠራ ታቀደ። ቁጥሩ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ብዙዎቹ ተመራቂዎች ከማሳ ይልቅ በክፍል ውስጥ የተማሩ ነበሩ። ቀበሌ ሲደርሱም ማዳበሪያ ማከፋፈልና ዕዳ ማሰባሰብ ጊዜያቸውን ወሰደው፤ ዕዳ የሚጠይቅን ሰው ደግሞ ገበሬው ምክር አይጠይቀውም። በርካታ ጣቢያዎችም ቤቱ ተሠርቶላቸው ለሠርቶ ማሳያው ማሳ ዘርና የሥራ ማስኬጃ በጀት አጡ።

አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 የአባላትን ትምህርትና ሥልጠና ከኅብረት ሥራ መርሆዎች አንዱ አድርገውታል። ስለሆነም ማኅበራት የቀበሌያቸውን ሠርቶ ማሳያ ማሳ በዘርና በጉልበት ቢደግፉ፣ በየጠቅላላ ጉባኤውም ከትርፉ ሪፖርት ጎን ስንት አባላት ሒሳብ ማንበብ እንደቻሉ ቢጠየቅ ከሕጉ የሚወጣ ነገር የለውም።