«ባዶ» የተባለው መሬት
የኩርሙክ የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ታሪክ በአጭሩ

ኩርሙክ ከአሶሳ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኝ፣ ከሱዳን ጋር የሚዋሰን ቆላማ ወረዳ ነው። ነዋሪው በአብዛኛው የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው። ማሽላና ሰሊጥ ያመርታል፤ ፍየል ያረባል፤ ከወንዝ ዳር ወርቅ ያጥባል፤ ከጫካው ማርና ቀርከሃ ያገኛል።

በአካባቢው ነባር ልማድ ማሳ ለጥቂት ዓመታት ይታረስና ሲደክም ይተዋል። ገበሬው ወደ ሌላ ማሳ ይዛወራል። የተተወው መሬት ግን የተጣለ አይደለም፤ እያረፈ ነው። ከሩቅ ለመጣ ሰው ይህ መሬት ባዶ ይመስላል። የአካባቢው የመሬት አስተዳደር ታሪክም በአመዛኙ የዚህ የ«ባዶ» የሚለው ቃል ታሪክ ነው።

የራስ መኮንን ጦር በ1890 ዓ.ም. ከዘመተ በኋላ ቤኒሻንጉል በአጼ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የወሰን ውልም የበርታን ሕዝብ በድንበር ለሁለት ከፈለው። በዚያ ዘመን እንደ ሼህ ሆጀሌ አልሀሰን ያሉ የአካባቢው ገዢዎች ለማዕከላዊው መንግሥት በወርቅ ይገብሩ ነበር። ማዕከሉ የሚፈልገው ወርቁን ነበርና የማሳውና የግጦሹ ጉዳይ በአብዛኛው ለሼሁና ለሽማግሌዎች የተተወ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። በአዋጁ መሠረት ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሸፍን ቦታ ላይ የገበሬ ማኅበር ይቋቋማል። መሬት ማከፋፈል፣ የፍርድ ሸንጎ ማቋቋምና የኅብረት ሥራ ማኅበር ማደራጀት የማኅበሩ ተግባር ሆነ። መሬትን የማስተዳደር ሥልጣን ለገበሬው እጅግ ቀርቦ የታየበት ዘመን ይህ ነበር። ነገር ግን ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ መንግሥት ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች ያመጣቸውን ወገኖች በአሶሳ ዙሪያ ሲያሰፍር ውሳኔው የመጣው ከላይ ነበር። ሰፋሪው በችግር የመጣ ወገን ነው፤ ጥፋት የለበትም። ነባሩ ገበሬ የሚያሳርፈው መሬት ግን ባዶ ተብሎ ተቆጠረ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ሲያደርግ፣ በአንቀጽ 52 የፌዴራሉን ሕግ ተከትሎ መሬትና የተፈጥሮ ሀብትን የማስተዳደር ሥልጣን ለክልሎች ሰጠ። አዋጅ ቁጥር 456/1997 ይዞታ እንዲለካ፣ እንዲመዘገብና ለባለይዞታው ደብተር እንዲሰጥ ደነገገ። ለግጦሽ፣ ለደንና ለሌላ ማኅበራዊ አገልግሎት የሚውለው የወል ይዞታም በሕጉ ስፍራ አገኘ። ክልሉ በ2002 ዓ.ም. የራሱን የገጠር መሬት አዋጅ አወጣ። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የ1997ቱን ተክቷል።

ይሁን እንጂ በዚያው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ አንዳንድ ክልሎች ከ5,000 ሄክታር በላይ የሆነ የኢንቨስትመንት መሬት የማስተላለፉን ሥራ ለፌዴራል መንግሥት በውክልና ሰጡ። ያልታረሰ መሬት እንደገና «ባዶ» ተባለ። በማዕድንም በኩል ለባህላዊ አምራች ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ሲሆን ለከፍተኛ ደረጃ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። አላይድ ጎልድ የተባለው ኩባንያ በኩርሙክ የዲሽ ተራራንና የአሻሽሬን ወርቅ ለማልማት ሥራ የጀመረው በዚህ ዓይነት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የሚፈረመው አዲስ አበባ ነው፤ የማሳ፣ የውሃና የካሳ ጥያቄ የሚቀርበው ግን ቀበሌና ወረዳ ዘንድ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ወገኖች በኩርሙክ በኩል ሲገቡም መጀመሪያ የተቀበላቸው፣ ማገዶውንና ውሃውንም የተካፈላቸው ይኸው ማኅበረሰብ ነው።

ለቅርቡ አስተዳደር የተተወው ሥራም ቀላል አይደለም። የቆላ ቀርከሃን እንመልከት። ቀርከሃው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ በጅምላ ያብባል፣ ዘሩን ያራግፋል፣ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጫካ የሞተ ይመስላል። ከእሳትና ከልቅ ግጦሽ ከተጠበቀ ግን ችግኙ ከወደቀው ዘር መልሶ ይነሳል። ካልተጠበቀ ይጠፋል፤ ቦታውም በእውነት ባዶ ይሆናል። እሳቱን የሚከለክለው የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የቀበሌው ሸንጎ፣ ሽማግሌውና ማኅበሩ ናቸው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ያልተመዘገበ መሬት «ባዶ» ለመባል ቅርብ ነው። ስለዚህ ወረዳና ቀበሌ የታረሰውን ማሳ ብቻ ሳይሆን የሚያርፈውንም፣ ግጦሹንም፣ የቀርከሃ ጫካውንም፣ ወርቅ የሚታጠብበትንም ወንዝ በወል ይዞታነት ለይተው ሊመዘግቡ ይገባል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንን አውቋልና የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ድርሻቸውን ሊጠይቁ ይችላሉ። አባላት በጉባኤያቸው ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰሊጥ ዋጋ እንደሚወያዩ ሁሉ ስለ ወል መሬታቸው ወሰንም ተወያይተው በቃለ ጉባኤ ሊያሰፍሩ ይገባል። ነገ አንድ ባለሥልጣን ካርታ ዘርግቶ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ በጽሑፍ ሊገኝ ይገባዋል።