ከማሽላ እስከ ስኳር፦ የሐረር ገበታና የክብደታችን ነገር

በፈረስ መጋላ በኩል የሚያልፍ ሰው፣ የሰው ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጦ ደንበኛ የሚጠብቅ ልጅ ማየቱ አይቀርም። ከስድስት ዓመት በፊት እንዲህ ካለው ሚዛን ላይ ወጥቼ 94 ኪሎ ሆኜ ተገኘሁ። ቁመቴ መካከለኛ ነው። በዚያው ሰሞን ደሜን የመረመረው ሐኪም «ስኳርዎ ድንበሩ ላይ ደርሷል፤ ካልቀነሱ ይሻገራል» አለኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚሁ በሽታ የእግሩን ጣቶች ካጣ ገና ዓመት አልሞላውም ነበርና ነገሩን እንደ ቀልድ አላየሁትም።

ያን ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ወረቀት ደረሰኝ። እንጀራ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ሩዝ የለም፤ የተቀቀለ እንቁላልና ጎመን ብቻ፣ ለአርባ ቀን። አደረግሁት፤ ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ። ያየኝ ሁሉ «ማሻአላህ» አለ። ከዚያ የሠርጉ ወቅት መጣ። ዓመቱ ሲዞር ሚዛኑ 97 ቆጠረ።

ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ ቢሆን ኖሮ የመጽሔቱን ገጽ ባልያዝኩበት። ነገር ግን በከተማችን ወረቀቱን የሞከሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም ቀንሰዋል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል መልሰዋል። ስለዚህ ጥያቄው «እንዴት ይቀነሳል?» መሆኑ ቀርቶ «የቀነሰው ሳይመለስ ሰው ዕድሜውን የሚዘልቅበት አመጋገብ የቱ ነው?» ወደሚለው መዞር አለበት። እኔ መልሱን መፈለግ የጀመርኩት ከገዛ ከተማዬ የገበታ ታሪክ ነው።

ሽማግሌዎቻችን «የድሮ ሰው አይወፍርም ነበር» ይላሉ። አነጋገሩ ግማሽ እውነት አለው። እስቲ ያ ሰው ምን ይበላ እንደነበር እንመልከት። በ1271 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በጥር 1855፣ እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን ወደ ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ቆይቶ ነበር። ስለ ከተማችን የጻፈው አብዛኛው ንቀት የተሞላበት ስለሆነ ተጠንቅቆ ማንበብ ያስፈልጋል። የበላውን ግን መዝግቧል፤ መንገድ ያደከመው ሰው በምግብ ነገር የሚዋሽ አይመስለኝም። በመጀመሪያው ምሽት ከአሚር አሕመድ ቢን አቡበክር ማድቤት የተላከለት፣ በኮመጠጠ ወተት የራሰና በርበሬ በብዛት የተነሰነሰበት የማሽላ ቂጣ ነበር። አስተውሉ! ይህ ከገዥው ቤት ለእንግዳ ክብር የወጣ ማዕድ ነው። ስኳር የለበትም፣ የስንዴ ዱቄት የለበትም፣ በዘይት አልተጠበሰም።

ማሽላ የሐረርጌ ምድር እህል ነው። ዝናብ ሲያጥር ይታገሣል፤ ሳይፈተግ ከነገለባው ሲፈጭ ደግሞ ዱቄቱ ሻካራ፣ እንጀራው ከባድ ነው። ብዙ ሳይበሉለት ያጠግባል። ከዚያ ጋር ከአብሽ የሚሠራው ሁልበት መረቅ፣ ወተት፣ ጎመንና ዱባ፣ ከዚያም የቡና ቅጠል የሚፈላበት ቁጢ ነበር። ሥጋ የዒድ፣ የሠርግና የእንግዳ ነበር። በዚህ ላይ የጁገል ሰው ከግንቡ ውጭ ባለው እርሻው ይውል ስለነበር ጠዋት በአንዱ በር ወጥቶ ማታ በእግሩ ይመለስ ነበር። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳነጹት ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ በእነዚያ በሮች ገብቶ የሚወጣው ሕዝብ ከእግሩና ከአህያው ሌላ ማጓጓዣ አልነበረውም።

ታዲያ «ወደ ድሮው እንመለስ» ብዬ ልጨርስ ነበር። ግን እዚህ ላይ ታሪክን በቅንነት ማንበብ ግድ ይላል። የድሮው ሰው የቀጠነው በማሽላና በእግር ጉዞ ብቻ አልነበረም፤ በረሃብም ጭምር ነው። በዚያው በአሚር ኑር ዘመን ከተማይቱን ረሃብና ወረርሽኝ መቷት ነበር። በየዓመቱ በዐሹራ ሌሊት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ለጅቦች የሚቀርብበትን ልማድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አባቶች ሲያወሩ ልማዱ የተነሣው፣ በክፉ ቀን ጅቦች ሰው መብላት ሲጀምሩ አበው ገንፎ እያቀረቡ ስላባበሏቸው ነው ይላሉ። (ጅቡ በበላው መጠን የዓመቱን ዕጣ የማንበቡን ነገር እዚህ አልነካውም፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።) እንግዲህ ረሃብን እስከዚህ ድረስ የሚያስታውስ ሕዝብ፣ ወፍራም ሰው ሲያይ «ተመቸው» ቢል፣ ለእንግዳ ሦስት ጊዜ ካልጨመረ ያላበላ ቢመስለው አይፈረድበትም። ልማዱ የተቀረጸው እህል ለሚያልቅበት ዘመን ነው። እህሉ ማለቁ ሲቀር ልማዱ ብቻውን ቀረ።

ገበታው የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ከተማይቱ በምኒልክ ሥር ገባች። በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ የባሕር ማዶው ዕቃ ወደ ሐረር የሚመጣበት መንገድ አጠረ፤ ስኳር፣ ሩዝና የተፈተገ ዱቄት ከሀብታም ቤት አልፎ ወደ ተራው ቤት መውረድ ጀመረ። ከ1936 እስከ 1941 የቆየው ጣሊያን ፓስታውን ትቶልን ሄደ። ከዚያ በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት በየሱቁ ሞላ። በዚህ ሁሉ መካከል ማንም «ከዛሬ ጀምሮ አመጋገባችንን ለውጠናል» ብሎ ያወጀ የለም። የጠዋቱ ፈጢራ፣ የአሥር ሰዓቱ ሰምቡሳ፣ የማታው ማካሮኒ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። በአገር ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 እንደነበሩና በ2016 ከመቶ 8 እንደደረሱ ያሳያል። በከተሞች ቁጥሩ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል።

ስለ በርጫ ሳልናገር ባልፍ ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። «ጫት ያቀጥናል» የሚል እምነት አለ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ለተወሰኑ ሰዓታት የምግብ ፍላጎትን እንደሚዘጋ እውነት ነው። ነገር ግን በርጫው ላይ የሚጠጣውን ቁጠሩ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ አምስት ጊዜ ቢጠጣ አሥራ አምስት ማንኪያ፣ ማለትም 60 ግራም ያህል ስኳር ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሲጨመርበት ሌላ ስምንት ማንኪያ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ቢቻል በቀን ከስድስት ማንኪያ አይለፍ ይላል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ የተዘጋው ረሃብ ተከፍቶ ሌሊት እራት ይበላል፤ ተበልቶም ይተኛል። ምሳ የዘለለው ሰው የጾመ ይመስለዋል እንጂ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ውድ አንባቢያን! በመድረሳ ሳለን ስለ ሆድና ስለ በሽታ የሚነገር አንድ ታዋቂ አባባል እንደ ሐዲስ ተነግሮን ነበር። ዑለማዎች ግን የዐረቦች ሐኪም የነበረው የአል-ሐሪስ ኢብን ከለዳ ንግግር እንጂ ሐዲስ አይደለም ብለዋል። ቲርሚዚ ከአል-ሚቅዳም ኢብን መዕዲ ከሪብ ያስተላለፈው ግን ሐዲስ ነው፤ እርሱም ሰው ሆዱን በሦስት ከፍሎ ለትንፋሹም ቦታ እንዲተው ያስተምራል። ይህ መመሪያ «ይህን ብላ፣ ያን አትብላ» እንደማይል ልብ በሉ። በአርባ ቀን የሚያበቃ አይደለም፤ በማሽላም በፓስታም ፊት ይሠራል።

ኢብን ሲና በ11ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው አል-ቃኑን፣ የወፈረን ሰው ለማቅጠን ከሚመክረው አንዱ፣ ብዛቱ ትልቅ ምግብነቱ ግን አነስተኛ የሆነ ነገር መብላት ነው፤ ከዚያም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይጨምርበታል። ይህን ሳነብ የሴት አያቴ ጎመንና የማሽላ እንጀራ ትዝ አለኝ። ዛሬ የሥነ ምግብ ሐኪሞች አትክልት፣ ጥራጥሬና ያልተፈተገ እህል ሳህኑን ይሙላ ሲሉ የሚናገሩት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ወረቀቱ ለምን እንደከሸፈብኝ የገባኝ ግን ከሩቅ አገር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ፣ አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለጥናት ሰበሰበ። ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው ከለመዱት ግማሽ አካባቢ ሆነ። ክብደታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ። ነገር ግን ከምግብ በቀር ሌላ ሐሳብ አልቀረላቸውም፤ ሳህን ይልሱ ነበር፣ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት እያሰባሰቡ ያነቡ ነበር። ምግቡ ሲለቀቅላቸው ሆዳቸው ሞልቶም ረሃቡ አልቆም አላቸው፤ ብዙዎቹም ከመጀመሪያው የበለጠ ስብ ይዘው ተመለሱ። እኔ ያን የሠርግ ወቅት ሐለዋ ፊት ቁጭ ብዬ ያደረግሁት ይኸው ነው። ኢማኔ ደክሞ ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ከርሜ ነበር፤ ለካ የተራበ ገላ ዕዳውን እያስከፈለኝ ነው።

ረመዷንም ቢሆን፣ በጾሙ ወር የሚቀነሰው አንድ ኪሎ ገደማ ከወሩ በኋላ በሳምንታት ውስጥ እንደሚመለስ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ጾም ዒባዳ ነው፤ የማቅጠኛ መሣሪያ ልናደርገው የተደነገገ አይደለም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተጀመረ አንድ መዝገብ አለ። የሚመዘገቡት ቢያንስ 13 ኪሎ ተኩል ያህል ቀንሰው ከዓመት በላይ የጠበቁ ሰዎች ናቸው። የቀነሱበት መንገድ የተለያየ ነው። ብዙዎቹን የሚያመሳስላቸው ቁርስ መብላታቸው፣ በቀን አንድ ሰዓት ያህል መራመዳቸው፣ ራሳቸውን አዘውትረው መመዘናቸው፣ በሥራ ቀንና በበዓል ቀን የሚበሉት ብዙ አለመራራቁ ነው። የመጨረሻው ለእኛ ከባዱ ነው፤ ሠርግ፣ አፎቻና ሙጋድ ያለበት ከተማ ውስጥ የበዓል ቀን የማይሆነው የትኛው ቀን ነው?

እኔ የመረጥኩትን ልንገራችሁ። ምሳዬን ወደ ማሽላ እንጀራ መለስኩት፤ ወጡ ምስር ወይ ሽሮ፣ ከጎኑ የተቆለለ ጎመን ነው። ከሻዬ ስኳር በየወሩ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ በስድስት ወር ጨረስኩት፤ በአንድ ቀን ብተወው ኖሮ በሳምንቱ እመለስበት ነበር። ፈጢራን አልተውኩም፤ የጁሙዓ ጠዋት አደረግሁት። ከዐስር ሶላት በኋላ ከፈላና በር ተነሥቼ ግንቡን ተከትዬ እዞራለሁ። ሠርግ ስጠራ እበላለሁ፤ በመጀመሪያ ያነሳሁትን ጨርሼ ግን እጄን እታጠባለሁ። እጅ የታጠበን ሰው «ጨምር» ማለት ይከብዳልና። መድኃኒት የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ግን ምግባቸውንም ሆነ ጾማቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ስኳር ከሚገባው በላይ ወርዶ ሰው ይጥላል።

ከ97 ወደ 85 ለመውረድ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀብኝ፤ «ማሻአላህ» ያለኝም አልነበረም፣ ቀስ ብሎ የመጣ ለውጥ ለዓይን አይታይም። 85 ላይ ከቆምኩ ሁለት ዓመት አለፈ።

በሰፈራችን አፎቻ ግን ክርክሩ ገና አልተቋጨም። አንዲት እናት «ሻዩ ሳይጣፍጥ ይቅዳ፣ ስኳሩ ለብቻ ይቀመጥ፤ የፈለገ ይጨምር» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ግማሹ ደገፈ። ሌሎቹ ግን «ለቀስተኛ ሻይ ሳያጣፍጡ አቀረቡ ተብሎ ይወራብናል» ብለው ተቃወሙ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጥሯል።