አንድ አደጋ፣ አንድ ምክንያት? የግንባታ አደጋ መመዝገቢያ ኤፒአይ ሰነድና የሃይንሪክ ውርስ፣ ከሚዛን ተፈሪ አንጻር

የግንባታ አደጋ መንስኤን የሚመዘግብ ሶፍትዌር ሲታሰብ ባለሙያው የሚከራከረው ስለ ፍጥነት፣ ስለ ይለፍ ቃልና ስለ ዳታቤዝ ነው። «ምክንያት» የተባለው መስክ ምን እንደሚቀበል የሚያስረዳው አንቀጽ ግን በሥራው ማብቂያ ላይ በጥድፊያ ይጻፋል። ኤፒአይ ሁለት ሶፍትዌሮች መረጃ የሚለዋወጡበት ውል ነው፤ የትኛው መስክ ግዴታ እንደሆነና የትኛው መልስ ውድቅ እንደሚደረግ የሚወስነው ማብራሪያ ሰነዱ ነው። ስለዚህ ያ አንቀጽ ተራ የቴክኒክ ማስታወሻ ሳይሆን ፍርድ ነው። በብዙ ሥርዓቶች ደግሞ ፍርዱ ከ90 ዓመት በላይ በፊት የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ኸርበርት ሃይንሪክ ይባላል።

ስለ መስኮች አሰያየም፣ ስለ ስህተት መልእክትና ስለ ፈቃድ አሰጣጥ የተጻፈው በቂ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥራ ላይ አደጋ አመዘጋገብና ማሳወቂያ መመሪያም ጥሩ መነሻ ነው። ሙግቴ ከሃይንሪክ ጋር ነው።

የ88 በመቶው ነገር

ሃይንሪክ የአሜሪካው ትራቭለርስ ኢንሹራንስ ባልደረባ ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኢንዱስትሪ አደጋ መከላከያ መጽሐፉ 75,000 የአደጋ መዛግብትን መርምሬ 88 በመቶው የሠራተኛ አደገኛ ድርጊት፣ 10 በመቶው አደገኛ የሥራ ሁኔታ፣ 2 በመቶው ደግሞ ሊከላከሉት የማይቻል ሆኖ አገኘሁት አለ። ይህ አኃዝ በሥልጠና ክፍሎችና በአደጋ ቅጾች ውስጥ ዛሬም ሕያው ነው። አራት ነገሮች ግን ያፈርሱታል።

አንደኛ፣ ምንጩ። 12,000 ያህሉ የተዘጉ የካሳ ፋይሎች፣ 63,000 ያህሉ የፋብሪካ ባለቤቶች መዛግብት ነበሩ። አደጋው የደረሰበትን ቦታ ያዘጋጀው ወገን ስለ አደጋው ሲጽፍ የሚጠቁመው ወደ ሠራተኛው መሆኑ ማንንም አያስደንቅም። ሁለተኛ፣ አቆጣጠሩ። 88፣ 10 እና 2 ሲደመሩ በልክ 100 ይሆናሉ፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ አደጋ አንድ ምክንያት ብቻ ስለተፈቀደ ነው። የአቆጣጠር ደንብ እንደ ግኝት ቀረበ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የሥራ ደኅንነት ባለሙያው ፍሬድ ማኑኤሌ በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳስገነዘበው፣ የመጀመሪያዎቹ መዛግብት ለማጣራት የሚገኙ አይደሉም። አራተኛ፣ ሃይንሪክ ወደ ጉዳት ያመራል ባለው ሰንሰለት መነሻ ላይ ያስቀመጠው የሠራተኛውን የዘር ሐረግና ማኅበራዊ አካባቢ ነው። ይህን የመሰለ መነሻ ያለው ንድፈ ሐሳብ የማንም አገር መዝገብ መሠረት ሊሆን አይገባውም።

ውርሱ ግን ቀጥሏል። በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የግንባታ አስተዳደር ሶፍትዌር ፕሮኮር በአደጋ መመዝገቢያው «አስተዋፅኦ ያደረገ ሁኔታ» እና «አስተዋፅኦ ያደረገ ባህርይ» የሚሉ ሁለት መስኮች አሉት። የሃይንሪክ ጥንድ ማለት ይኸው ነው።

ቅጾቹ ችላ ያሉት ጥናት

በእንግሊዙ ላፍብራ ዩኒቨርሲቲ ሮጀር ሃስላምና ባልደረቦቹ 100 የግንባታ አደጋዎችን አንድ በአንድ መርምረው ውጤቱን በ2005 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የሠራተኛው ወይም የቡድኑ ችግር በ70 በመቶው፣ የሥራ ቦታው በ49፣ መሣሪያ በ56፣ ቁሳቁስ በ27፣ የአደጋ ሥጋት አስተዳደር ጉድለት ደግሞ በ84 በመቶው ውስጥ ተገኝቷል። ድምሩ 286 ነው። ስለዚህ አንድ አደጋ በአማካይ ወደ ሦስት የሚጠጉ ምክንያቶች አሉት፤ ከሁሉም ገኖ የሚታየውም የአስተዳደር ጉድለት ነው። ምክንያትን በአንድ መልስ የሚያስር ኤፒአይ ይህን እውነት ገና ሳይመዘገብ ይሰርዘዋል።

በእኛ ሕግና በሚዛን መሬት

ነገሩ በኢትዮጵያ የበለጠ ይከብዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ላይ አደጋን እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አንቀጽ 96 ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል፤ ሆኖም ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ ጉዳቱን ሆን ብሎ እንዳደረሰ ይቆጠርበታልና አሠሪው ከኃላፊነት ነፃ ይሆናል። ስለዚህ «የሠራተኛ ድርጊት» የሚለውን መምረጥ የካሳ ክርክርን ግማሽ መንገድ መጨረስ ነው።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በምትገኘው ሚዛን አማን (ሚዛን ተፈሪ) ለቱቦ መቅበሪያ 2 ሜትር የጠለቀ ቦይ ተቆፈረ እንበል። አካባቢው የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ የማይለየው፣ አፈሩም ቀይ ሸክላማ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል፤ የተቆፈረው አፈር በቦዩ አፋፍ ተከምሯል፤ የግድግዳ መደገፊያ እንጨት በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የአሜሪካ ደንብ ከ1.5 ሜትር ለሚጠልቅ ቦይ፣ ጽኑ ዐለት ካልሆነ በቀር፣ መከላከያ ያዛል። ቡና ለቀማው አብቅቶ ወደ ከተማ የመጣው የቀን ሠራተኛ ግባ ተባለ፣ ገባ፤ ግድግዳው ተናደ። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ፎርማኑ ስልኩን ሲከፍት የሚጠብቁት ሦስት ምርጫዎች ናቸው፦ የጥንቃቄ ጉድለት፣ የመሣሪያ ብልሽት፣ ሌላ። የመጀመሪያውን ይነካል። ዝናቡ፣ ክምሩ፣ የቀረው እንጨትና የዋጋ ዝርዝሩ ከታሪክ ወጡ።

ሰነዱ ምን ይበል?

እንዲህ ቢጻፍ በቂ ነው፦ «‘ምክንያት’ ዝርዝር ነው፤ ከአንድ በላይ መልስ ይቀበላል። የሠራተኛ ድርጊት ብቻውን ከተላከ መዝገቡ አይከፈትም፤ የሥራ ቦታ፣ የመሣሪያ፣ የቁሳቁስ ወይም የአስተዳደር ምክንያት መኖር አለመኖሩ ተመርምሮ ውጤቱ አብሮ ይላክ። መዝጋቢው በሳይቱ ያለው ኃላፊነት ይገለጽ።» ሰዓትንም ሰነዱ መርሳት የለበትም። ፎርማኑ «3 ሰዓት» ብሎ የጻፈው ጠዋት ነው፤ ሥርዓቱ ግን እንደ ሌሊት ይቀበለዋል። የስድስት ሰዓቱ ልዩነትና የዘመን አቆጣጠሩ ካልተብራሩ ከሌሊቱ ዝናብ ጋር ያለው ግንኙነት ይጠፋል።

ፎርማን ጊዜ የለውም ለሚሉ፣ የሃስላም አምስት ዘርፎች አምስት ምልክቶች ናቸው። ሠራተኛም ያጠፋል ለሚሉ፣ አዎን፣ 70 በመቶው ይህንኑ ይላል፤ 84ቱ ግን ከጎኑ ይቁም። ከውጭ መረጃ ጋር ማነጻጸር ያስቸግራል ለሚሉ፣ ከብዙ ምክንያት ወደ አንድ መጠቅለል ሁልጊዜ ይቻላል፤ አንድ ብቻ ከተመዘገበ ግን የቀሩትን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

በእርግጥ ሰነድ ብቻውን ቦይ አይደግፍም፤ የእንግሊዝ ጥናትም ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በአኃዙ ልክ አይሠራም፤ እዚህ መደገም አለበት። ለመድገም ግን ምክንያቶቹን ያልሰረዘ መዝገብ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተቆጣጣሪ ቅጾቹን ወደ ዲጂታል ሲያዞር፣ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስናና የኮምፒውተር መምህራንም ተማሪ ሲያሠለጥኑ፣ ከኮዱ አስቀድመው የምክንያቱን አንቀጽ ይጻፉ። ከሠራተኛ፣ ከፎርማንና ከሥራ ተቆጣጣሪ ጋር ተከራክረው ይጻፉት፤ የካሳው ፋይል የሚከፈተው በዚያ አንቀጽ በተፈቀደው መልስ ነውና።