ከእጅ የወጣው መድኃኒት፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሕክምና በቂርቆስና በካዛንቺስ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለቅኝ ገዢው መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባሉ መኖሪያ ቤቶች መሆኑ ይታወቃል። የኢንፌክሽን ሕክምናም አዲስ ምዕራፍ የከፈተው ከዚያው ዘመን ጋር በተገጣጠመ ጊዜ ነበር። ጀርመናዊው ገርሃርድ ዶማክ የመጀመሪያው የሰልፋ መድኃኒት የሆነውን የፕሮንቶሲልን ውጤት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ለሽንት ቧንቧ ሕመም በሐኪም እጅ ከነበሩት ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ ሄክሳሚን ሲሆን፣ እርሱም አሲድነት ባለው ሽንት ውስጥ ፎርማልዲሃይድ እየለቀቀ ተሕዋስያንን የሚያዳክም ነበር።

በሕዝቡ ዘንድ ሽንት ማቃጠል ከብርድ ወይም ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ ከመሽናት ጋር ሲያያዝ ኖሯል። ከዚህ የከፋው ግን ምልክቱ ከጨብጥ ጋር መመሳሰሉ ነው። ካዛንቺስ በቡና ቤቶቹና በምሽት ሕይወቱ የታወቀ ሰፈር እንደ መሆኑ፣ ሽንቷን የሚያቃጥላት ሴት ሕመሟን ለባሏም ሆነ ለጎረቤቷ ለመናገር ብታፍር የሚያስገርም አይሆንም። ሐፍረት ያለበት ሕመም ደግሞ ከሐኪም ይልቅ ወደ መድኃኒት ቤት መስኮት ይመራል። በዚያም መድኃኒቱ በስሙ ሳይሆን በካፕሱሉ ቀለም የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መድኃኒቶቹ ተከታትለው መጡ። ናይትሮፉራንቶይን እ.ኤ.አ. በ1953፣ አምፒሲሊን በ1961፣ ናሊዲክሲክ አሲድ በ1962 ታወቁ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ካስ በ1956 በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ 100,000 የባክቴሪያ ቅኝ መገኘቱን የኢንፌክሽን መለያ አድርጎ አቀረበ። ይህ መለኪያ የሚያገለግለው ግን የሽንት ካልቸር ለሚሠራ ላቦራቶሪ ብቻ ነው። የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ለረጅም ጊዜ የተመካው በማይክሮስኮፕና በዲፕስቲክ ላይ ነበር፤ ነጭ የደም ሕዋስ መኖሩን ያሳያል እንጂ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ አይናገርም።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ኮትሪሞክሳዞል፣ ብዙዎች «ባክትሪም» የሚሉት፣ እንደ መልካም ዜና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ የቀረበው ይህ ጥምር መድኃኒት ባክቴሪያው ፎሌት የሚሠራበትን መንገድ በሁለት ተከታታይ ደረጃዎች ይዘጋል፤ ሰልፋሜቶክሳዞል አንዱን፣ ትሪሜቶፕሪም ቀጣዩን። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቋቋም ለተሕዋሱ አስቸጋሪ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር። ርካሽ በመሆኑና በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ በመወሰዱም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ሆኖም ግምቱ አልያዘም። ሁለቱን የሚከላከሉት ጂኖች በአንድ ፕላስሚድ ላይ ተጣምረው ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ይተላለፋሉና።

የቂርቆስ ታሪክ እዚህ ላይ ከአገሪቱ ትልቅ ታሪክ ጋር ይገናኛል። በሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት የተዛወረው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ከሰጡት ቀዳሚ ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ኮትሪሞክሳዞልም ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ሆነ። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር፤ የሳንባ ምችንና ሌሎች ተጓዳኝ ኢንፌክሽኖችን በመቀነስ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን አንድ መድኃኒት በአንድ በኩል ለዓመታት መከላከያ፣ በሌላ በኩል ለሳል፣ ለተቅማጥና ለሽንት ማቃጠል ያለማዘዣ የሚሸጥ ሲሆን ኢ. ኮላይን የሚገራ ኃይሉ ተሸርሽሯል። በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ከተሞች የተደረጉ የካልቸር ጥናቶች አምፒሲሊንና ኮትሪሞክሳዞል በብዙዎቹ የሽንት ናሙናዎች ላይ እንደማይሠሩ ደጋግመው አሳይተዋል። ጥፋቱን ለኤችአይቪ መከላከያው ብቻ ማሸከም ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ መላመዱ ከዚያ በፊትም ነበረ።

ሕጉ ዘግይቶ እንኳ ቢሆን ደርሷል። በአዋጅ ቁጥር 176/1991 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሥልጣኑም በአዋጅ 661/2002፣ ከዚያም በአዋጅ 1112/2011 እየተሻሻለ መጣ። ፀረ ባክቴሪያ ያለማዘዣ አይሸጥም። መስኮቱ ላይ ያለው ልማድ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ ጠገብ ነው። የኮትሪሞክሳዞልን ቦታ የያዘው ሲፕሮፍሎክሳሲንም በዚያው መንገድ እየሄደ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በጥብቅ ክትትል ከሚያስፈልጋቸው መድኃኒቶች ምድብ ያስገባው ሲሆን፣ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2016 ቀላል ለሆነ የፊኛ ኢንፌክሽን ሌላ አማራጭ እያለ እንዳይታዘዝ ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል።

የሚያስደንቀው የ1953ቱ ናይትሮፉራንቶይን መመለሱ ነው። ለረጅም ጊዜ ችላ በመባሉ ይመስላል፣ ዛሬም አብዛኞቹን ኢ. ኮላዮች ይገታል፤ ለአምስት ቀን የሚሰጠው ሕክምናም ለፊኛ ኢንፌክሽን ይበቃል። በሕብረ ሕዋስ ውስጥ በቂ መጠን ስለማይደርስ ግን ትኩሳትና የጎን ሕመም ላለባት፣ ማለትም ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ለደረሰባት ሴት አይሆንም፤ የኩላሊት ሥራቸው ለደከመም እንዲሁ።

የካዛንቺስ ብዙ ክፍል በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውሯል። የሕሙማን ካርድ በወረቀት በነበረበት ጤና ተቋም ይቀራል፤ አዲሱ ጤና ጣቢያ የሚያየው ባዶ ካርድ ነው። ባለፉት ሦስት ወራት ኮትሪሞክሳዞል ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን የወሰደች ሴት የያዛት ተሕዋስ ለዚያው መድኃኒት የተላመደ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህንን ደግሞ ካርዱ አይነግርም፤ እርሷ ብቻ፣ ሳትፈራ ከተጠየቀች፣ ትናገራለች።