የእግር ጡንቻ መሸማቀቅ (ስትራፖ)፦ በቤት ውስጥ ማስታገሻና መከላከያ

በተለምዶ ስትራፖ የምንለው የእግር ጡንቻ መሸማቀቅ፣ የባት፣ የጭን ወይም የውስጥ እግር ጡንቻ በድንገት ተኮማትሮ አልላቀቅ ሲል የሚፈጠር ሕመም ነው። ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል፤ ከለቀቀ በኋላም ቦታው ለሰዓታት ሊያም ይችላል። ብዙውን ጊዜ አደገኛ አይደለም። ሆኖም ስትራፖ የሚመስል ሌላ አስጊ ሕመም ስላለ ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ማንን ያጠቃል?

• በሙቀት የሚሠሩ ሰዎችን፦ በአርባ ምንጭ ዙሪያ በሙዝ እርሻ ውሎ ብዙ ላብ ያፈሰሰ ሰው ሌሊት ባቱን ሊይዘው ይችላል።
• እግራቸው ሳያርፍ የሚሠሩትን፦ ለምሳሌ በዶርዜና በጨንቻ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው መርገጫ የሚረግጡ ሸማኔዎችን፣ ወይም ዳገትና ቁልቁለት የሚመላለሱ ሰዎችን።
• ነፍሰ ጡር ሴቶችን (በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት) እና በዕድሜ የገፉ ሰዎችን።
• የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸውን፣ እንዲሁም ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱትን።

ሲይዝዎ ወዲያውኑ ምን ያድርጉ?

1. ባትዎን ከያዘዎ ጉልበትዎን ዘርግተው የእግር ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ። እጅዎ ካልደረሰ ነጠላ ወይም ፎጣ በውስጥ እግርዎ አዙረው ይጎትቱ። መቆም ከቻሉ ተረከዝዎን መሬት ላይ ተጭነው ይቁሙ።
2. እስኪለቅ ድረስ ሳያቋርጡ ይሳቡ፤ ጡንቻውንም በእጅዎ ቀስ አድርገው ይሹት።
3. ከለቀቀ በኋላ ጥቂት ይራመዱ። በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግም ያስታግሳል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ሙቀቱን ሌላ ሰው ይለካልዎ፤ እግርዎ ሳይሰማው ሊቃጠል ይችላል።

እንዳይመለስ ምን ይረዳል?

ከመኝታ በፊት ማሳሳብ፦ ከግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው አንዱን እግር ወደ ኋላ ይዘርጉ። ተረከዝዎ መሬት እንደነካ ወደ ግድግዳው ዘንበል ይበሉ፤ 10 ሰከንድ ይቆዩ፣ በእያንዳንዱ እግር 3 ጊዜ ይድገሙት። በኔዘርላንድ ዕድሜያቸው ከ55 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በየምሽቱ የባትና የኋላ ጭን ጡንቻን ለ6 ሳምንት ማሳሳብ የሌሊቱን ስትራፖ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ፈሳሽ፦ በሥራ ላይ ሳሉ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። ላብ ወይም ተቅማጥ ከበዛ ኦ.አር.ኤስ ይውሰዱ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ይጠጡ። አረቄና ጠጅ ግን ሰውነትን ያደርቃሉ፤ ውኃን አይተኩም።

እረፍት፦ በሸማ ሥራ ላይ ያሉ በየሰዓቱ ተነሥተው እግራቸውን ያፍታቱ።

ሙዝና ሽፈራው ይፈውሳሉ?

ሙዝ ፖታሲየም አለው፤ ነገር ግን ተፈጭቶ ደም ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ስለሚወስድ የያዘን ስትራፖ አያስለቅቅም። በአካባቢው ሀሌኮ የሚባለው የሽፈራው ቅጠልም ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለው ጥሩ ምግብ ነው። ሁለቱንም እንደ ምግብ ይብሉ እንጂ እንደ መድኃኒት አይቁጠሯቸው። የኩላሊት ሕመምተኛ ግን ፖታሲየም ሊጎዳው ስለሚችል የሙዝን መጠን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ማድረግ የሌለብዎት

• ኩዊኒን አይውሰዱ። ቀድሞ ለስትራፖ ይታዘዝ ነበር፤ ነገር ግን የልብ ምትን ሊያዛባና ደም የሚያረጉ ሕዋሳትን አደገኛ በሆነ መጠን ሊቀንስ ይችላል። ወባ ባለበት አካባቢ ቤት ውስጥ የተረፈ መድኃኒት ካለ ለዚህ አይጠቀሙበት።
• ያበጠን ባት ወጌሻ ጋ ወስደው አያሳሹ። እብጠቱ የደም መርጋት ከሆነ፣ መታሸቱ የረጋውን ደም ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል።

ወደ ጤና ተቋም መቼ ይሂዱ?

አንድ እግር ብቻ አብጦ ከሞቀ፣ ከቀላ ወይም ሕመሙ በመሳሳብ ካልለቀቀ በዚያው ቀን ይታዩ። በተለይ በቅርቡ ከወለዱ፣ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወይም ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ድረስ በአውቶቡስ ተቀምጠው ከዋሉ አይዘግዩ። ከዚህ ጋር ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ደረትዎን ከወጋዎ ድንገተኛ ነው።

ሲራመዱ እየያዘዎ ሲያርፉ የሚለቅ፣ ድክመት ወይም መደንዘዝ ያለበት፣ ወይም በየሌሊቱ እንቅልፍ የሚነሣ ስትራፖም ምርመራ ይፈልጋል። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይዘው ይሂዱ፤ በራስዎ ግን አያቋርጧቸው።